ከድጓው ምልክት እስከ ድረ ገጽ፦ ፊደላችንና ኤችቲኤምኤል የተገናኙበት መንገድ



የቀያችንን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እኛን አይደለም። በብሪታንያ፣ በሰሜን ዌልስ፣ ከባሕር ዳር የተቀመጠች አንዲት ከተማ አለች፤ ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከእኛው አበርገሌ ጋር አንድ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናይ ብዙ ሳቅን። ስልኩን የያዘችው ልጅ የአሸዋውንና የሞገዱን ፎቶ ስታሳየን፣ ከመካከላችን አንዷ «ተከዜ መቼ ነው ባሕር የሆነው?» ብላ ጠየቀች።

ቀጥላ ልጅቷ ያንኑ ስም በራሳችን ፊደል «አበርገሌ» ብላ ጻፈችው። ዌልስ ጠፋችና ዋግ ኽምራ መጣ። ፍየላችን መጣ፣ ተከዜ መጣ፣ ጎረቤታችን የትግራዩ ጣንቋ አበርገሌም አብሮ መጣ። ስልኩ ያው ስልክ፣ ስሙም ያው ስም ነው፤ የተለወጠው ፊደሉ ብቻ ነበር።

ማኅበራችን ኤችቲኤምኤል የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ምልክት መማር ሲጀምር ብዙዎቻችን «ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብለን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንነግራችሁ ታሪኩን ነው። ምልክቱ ከየት መጣ? ፊደላችንስ እንዴት አብሮት መኖር ቻለ? ታሪኩን ስናውቅ ትምህርቱ የባዕድ ነገር መስሎ መታየቱ ቀረ።

ምልክት ለእኛ አዲስ አይደለም

ኤችቲኤምኤል በጽሑፍ መካከል የሚገባ ምልክት ነው። ምልክቱ ራሱ አይነበብም፤ ጽሑፉ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚነበብ ይናገራል። የዋግን አብያተ ክርስቲያናት የምታውቁ እኅቶች ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። ድጓ የሚያዜም መሪጌታ የያዘውን ብራና ያየ ሰው በትልልቁ ፊደል ላይ የተጻፉ ደቃቅ ፊደላትን ያስተውላል። መሪጌታው እነርሱን እንደ ቃል አያነባቸውም፤ ዜማው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ይነግሩታል። ስማቸውም ምልክት ነው። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ሲሆን፣ ምልክቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል።

ሌላም አለ። ጸሐፊው የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ የምዕራፍ መጀመሪያም በቀይ ይጻፋል። በመጽሐፉ ራስጌ ሐረግ ይሥላል። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ፣ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ አራት ነጥብ ያስቀምጣል። ቀዩ ቀለም ለውበት ብቻ አልገባም፤ «ይህ ስም ቅዱስ ነው»፣ «እዚህ ላይ አዲስ ነገር ይጀምራል» ይላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ማተሚያ ቤቶችም ተመሳሳይ ልማድ ነበር። አራሚው ረቂቁን ይዞ በዳርና በመስመሮች መካከል «ይህ ርዕስ ነው»፣ «ይህ ይደምቅ» እያለ ለፊደል ለቃሚው ይጽፍለታል። ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ሥራ ወደ መሣሪያው ገባ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአይቢኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሰዎች፣ ጎልድፋርብ፣ ሞሸርና ሎሪ፣ የሕግ ባለሙያዎች ሰነድ በኮምፒውተር የሚያዝበትን ዘዴ ሲፈልጉ አንድ የምልክት ቋንቋ ሠሩ። መነሻ ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ለኮምፒውተሩ «ይህን ቃል አግዝፈው» ከማለት «ይህ ርዕስ ነው» ማለት ይሻላል። ርዕስ መሆኑ ከታወቀ ማግዘፉን መሣሪያው በራሱ ይሠራዋል። የዚህ ቋንቋ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1986 ኤስጂኤምኤል ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ ኤችቲኤምኤል ደግሞ ከእርሱ ወጣ።

ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ምልክት የሚናገረው ነገሩ ምን እንደሆነ ነው። ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አሥራ ስምንት ምልክቶች

በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቭ ከተማ አጠገብ፣ ሰርን የሚባል ትልቅ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል አለ። በዚያ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ከብዙ አገር የመጡ ስለ ነበሩ ኮምፒውተራቸውም ልዩ ልዩ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ለማንበብ ይቸገራል። ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 መፍትሔ ብሎ ያሰበውን ለአለቆቹ ጽፎ አቀረበ። በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው ድረ ገጽ በዚያው ማዕከል ሠራ፤ በ1991 ደግሞ ለውጭው ዓለም ተነገረ።

የዚያን ጊዜው ኤችቲኤምኤል እጅግ ትንሽ ነበር። በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ዝርዝር የነበሩት ምልክቶች አሥራ ስምንት ብቻ ናቸው። ምልክቶቹ ታግ ይባላሉ። እያንዳንዱ ታግ የሚጻፈው በሒሳብ ትምህርት «ያንሳል» እና «ይበልጣል» በምንላቸው ሁለት ምልክቶች መካከል ነው። ርዕስ ሲጀምር መክፈቻ ታግ፣ ሲያልቅ መዝጊያ ታግ ይደረጋል፤ በመዝጊያው ላይ አንዲት እዝባር ትጨመራለች። መጋረጃ ከፍቶ መዝጋት ማለት ነው፤ መዝጋት የረሳ ሰው የቀረው ጽሑፍ ሁሉ ርዕስ ሆኖ ይቀርበታል። በትምህርታችን የመጀመሪያ ሳምንት ይህ ያልደረሰባት የለችም።

ኤች አንድ የሚባለው ታግ ትልቁ ርዕስ ነው፤ እስከ ኤች ስድስት ድረስ እያነሰ ይሄዳል። ፒ አንድን አንቀጽ ከሌላው ይለያል። ዩኤል ዝርዝርን ይከፍታል፤ ኤልአይ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ይይዛል። ኤ የሚባለው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ድር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። እነዚህን ካወቅን አንድ ገጽ መሥራት እንችላለን። ዛሬ የታጎቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ቢሆንም፣ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አብዛኞቹ አሁንም ያገለግላሉ።

ለእኛ ለሴቶች አንድ ስም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የበርነርስ ሊ የመጀመሪያ ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ የሚሠራው ጥቂት ሰው ብቻ በነበረው ውድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። በማዕከሉ ለልምምድ የመጣች ኒኮላ ፔሎ የምትባል የሒሳብ ተማሪ ሥዕል የማያሳይ፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ፣ ስለዚህም በማንኛውም ተራ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ የሚችል ብራውዘር ጻፈች። ድሩ ከአንድ ክፍል ወጥቶ ወደ ብዙ አገር የተሰራጨው በዚህች ተማሪ ሥራ ጭምር ነው። ደካማ መሣሪያ ያለው ሰው እንዳይቀር ማሰብ ከመጀመሪያው ጀምሮ የዚህ ሙያ አካል ነበር ማለት ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር የሆነው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ነው። ሰርን ይህን ሥራ ያለ ምንም ክፍያ ለማንም ሰው ክፍት አደረገው። ኤችቲኤምኤል ለመጻፍ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮ የለም፤ የሚከፈልበት ፕሮግራምም አያስፈልግም። በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚገኝ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ይጻፋል።

ፊደላችን በር ላይ የቆመበት ዘመን

ታጎቹ ቀላል ቢሆኑም ለእኛ አንድ ትልቅ ችግር ነበረባቸው። ኮምፒውተሩ የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር።

የዚህ ችግር ሥር ከኮምፒውተር ይቀድማል። ፊደላችን በማተሚያ ከወጣ ቆይቷል፤ በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ፊደል ለቃሚ ሳጥኑን አብዝቶ ሁሉንም ፊደል መያዝ ይችላል። የጽሕፈት መኪና ግን ሃምሳ እንኳ የማይሞላ ቁልፍ ነው ያለው፤ ፊደላችን ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነው። መፍትሔው ፊደሉን ቆራርጦ እግሩን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ መምታት ሆነ። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ የቆመውን ጽሑፍ ያስታውሳል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ወደ ሰው እጅ ሲገባ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለፊደላቸው ደከሙ። ዶክተር አበራ ሞላ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ሆኖ ሳለ፣ በአሜሪካ ሆነው ግዕዝን በኮምፒውተር የሚጽፍ ፕሮግራም ሠሩ። አቶ ፍስሐ አጥላውም በዚያው ዘመን በዚሁ ሥራ ቀድመው ከተሰማሩት አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ፕሮግራሞች ወጡ፤ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የሚባሉትን ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ችግሩ ግን አልጠፋም ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር በአንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መንገድ ተከተለ። አንዱ «አ»ን ከአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ከሌላ። ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ፊደል ነው፤ በላዩ የግዕዝ ጭምብል ያለብሰዋል። ያው ፎንት የሌለው ሰው ጽሑፉን ሲከፍት ጭምብሉ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ያያል። በአንድ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው አልነበብ ብሎት የተቸገረ ብዙ ነው።

በድረ ገጽ ላይ ችግሩ ባሰ። ያን ጊዜ ፎንት የሚባል ታግ ነበር፤ ሥራው ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ቅርጽ እንደሚታይ ማዘዝ ነው። አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው በዚህ ታግ ተጠቀሙ። የታጉ መልእክት «ይህን ጽሑፍ በዚህ የአማርኛ ፎንት አሳየው» የሚል ነው። ነገር ግን ታጉ ስለ መልክ እንጂ ስለ ማንነት አይናገርም። ለኮምፒውተሩ ጽሑፉ አሁንም ላቲን ነው። ቃል ቢፈለግበት አይገኝም፤ ወደ ሌላ ቦታ ቢገለበጥ ይበላሻል። ሌሎች ደግሞ አማርኛውን እንደ ፎቶ እያነሡ ገጹ ላይ ለጠፉት። ፎቶ ለዓይን ይታያል፤ ግን ቃሉ ተፈልጎ አይገኝም፣ በዘመኑ ቀርፋፋ መስመርም ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ሴራ ይባላል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሥርዓት ሲሆን፣ አማርኛን በላቲን ፊደል በቋሚ ደንብ የሚጽፍ ነው። «ሰላም» በአምስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል። «ተ» በትንሹ ቲ፣ «ጠ» በትልቁ ቲ ይለያሉ። ይህን ደንብ የሚያውቅ ፕሮግራም ጽሑፉን መልሶ ወደ ፊደላችን ይለውጠዋል። ብልሃት ነበር፤ ፊደሉ ወደ ቤት እስኪገባ ድረስ ቃሉን በአደራ አቆየልን።

ለአንድ ፊደል አንድ ቁጥር

በሩ የተከፈተው ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ ስምምነት ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ የማንም ኩባንያ አይደለም፤ በየትም አገር፣ በየትኛውም መሣሪያ አይለወጥም። የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ መዝገብ እንዲገባ አቶ ፍስሐ አጥላው፣ አቶ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም ለዓመታት ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ገቡ። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ሳይቀሩ ቁጥር አላቸው።

ሀ ቁጥሯ 4608 ነው። የቀያችን ስም አምስት ፊደል ነው፤ አ 4768፣ በ 4704፣ ር 4653፣ ገ 4872፣ ሌ 4620። ለዚህ ነው ልጅቷ በፊደላችን ስትጽፍ ዌልስ የጠፋችው። የዌልሷ ከተማ ቁጥር ሌላ፣ የእኛ ሌላ ነው።

ለዋግ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ከአማርኛ ውጭ የሆነው የአገው ቋንቋችን፣ ኽምጣና፣ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው። ከ«ን» እና ከ«ግ» መካከል በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ የሚጻፈው በ«ጘ» ነው፤ በ«ገ» ላይ ምልክት ተጨምሮ የተሠራ ፊደል ነው። የጽሕፈት መኪና ይህን አያውቅም ነበር። በዩኒኮድ ግን ከመጀመሪያው በ1999 እትም ገብቷል፤ ቁጥሩ 4888 ነው። ቁልፉ በሌለው ኮምፒውተር ላይ እንኳ ኤችቲኤምኤል ሲጻፍ ጘ ብለን ብናስገባ ብራውዘሩ «ጘ» ብሎ ያወጣዋል። ይህን ስንሞክር ኽምጣና አፍ የፈቱ እኅቶቻችን ሌላ ነገር ሁሉ ትተው ይህንኑ ደጋግመው እየጻፉ ዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሌሎች ብሔረሰቦች ቋንቋዎች የሚፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደላት ገቡ።

በኤችቲኤምኤልም በኩል መንገዱ ተጠርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሁለተኛው ኤችቲኤምኤል የምዕራብ አውሮፓን ፊደል ብቻ የሚያስብ ነበር። በታኅሣሥ 1997 የወጣው አራተኛው ግን የዓለምን ፊደል ሁሉ የሚይዘውን መዝገብ መሠረቱ አደረገ፤ ፎንት የሚባለውን ታግም «ቢቀር ይሻላል» አለ። እያንዳንዱ ገጽ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ የሚናገርበትን መንገድም አጸና። አማርኛ በሁለት ፊደል፣ ኽምጣና በሦስት ፊደል የሚታወቁበት ዓለም አቀፍ አጭር ስም አላቸው። ያንን በገጹ መጀመሪያ ስንጽፍ «ይህ ጽሑፍ አማርኛ ነው» ብለን ለመሣሪያው እየነገርነው ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ ድምፅ አድርጎ የሚያነብ መሣሪያም በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው።

ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም፤ የፊደሉ መልክ በመሣሪያው ውስጥ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ፊደሉን ለብቻው መጫን ቀረለት። ዛሬ ተራው ስማርት ስልክ ሳይቀር ፊደላችንን ይዞ ይመጣል።

የቀረች አንዲት መስመር አለች። በገጹ ራስጌ «ፊደሉ የተቀመጠው በዩቲኤፍ ስምንት ነው» የምትል አጭር ታግ መግባት አለባት። ዩቲኤፍ ስምንት የዩኒኮድን ቁጥር በኮምፒውተር ውስጥ የማስቀመጫ ዘዴ ነው፤ አንድ የእኛ ፊደል በዚህ ዘዴ ሦስት ቦታ ይይዛል። መስመሯ ከተረሳች ብራውዘሩ ሦስቱን ቦታ ሦስት የላቲን ፊደል ያደርጋቸውና ያ የድሮው ክምር ተመልሶ ይመጣል። ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ ረስተናታል። አሁን «ፊደል ሳታስገቢ በሩን ክፈቺ» እያልን እንተራረማለን።

እኛ ጋ እስኪደርስ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና ጥቂት ሰዎች ነበሩ የሚያገኙት። ከዚያ ወዲህ በሞባይል ስልክ እየሰፋ መጣ። ሙያውን ለወጣቶች የሚያስተምሩም ተነሡ። ሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ በልጅነቷ ነው፤ ኋላ ብዙ ልጆችን፣ ሴቶች ልጆችንም ጭምር፣ በኮዲንግ በማሠልጠን ታውቃለች። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር «የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የሚለውን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ሥልጠና ጀመረ።

ሥልጠናው በኢንተርኔት ይሰጣል ሲባል፣ ኔትወርክ እየመጣ በሚሄድበት ቆላ ላይ ለምንኖር ሰዎች ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ኤችቲኤምኤል ለእኛ የተመቸው። ገጹ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ለመጻፍም፣ ከፍቶ ለማየትም ኔትወርክ አይፈልግም። በስልክ ተጽፎ፣ በዚያው ስልክ ብራውዘር ይከፈታል፤ በሚሞሪ ካርድ ከእኅት ወደ እኅት ይተላለፋል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለዓለም እናሳይ ያልን ዕለት ብቻ ነው።

ለምን እንደ ጀመርነው ግን እናውራ። አባሎቻችን እንደምታውቁት፣ በጦርነቱ ጊዜ ቀያችንን ለቀን ወደ ሰቆጣ ስንሰደድ የቁጠባ መዝገባችን አብሮን አልወጣም። ልጅ ያዘለች፣ ሽማግሌ የደገፈች ሴት መዝገብ አትሸከምም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ ላይ ግን የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። በመጽሐፍ ያለው ጠፋ፤ በቃል ያለው ቆየ። ስንመለስ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ተቀምጠው ማን ስንት እንዳስቀመጠች፣ ማን ስንት እንደ ተበደረች፣ ማን ከፍላ እንደ ጨረሰች አንድ በአንድ ተናገሩ። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ታርማለች። መዝገቡ እንደ ገና ተጻፈ።

በዚያን ዕለት ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። እነዚህ እናቶች ሁልጊዜ አይኖሩም። መዝገብም በአንድ ቤት፣ በአንድ ሣጥን ብቻ መቀመጥ የለበትም። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ከጎኑ ግን የማኅበሩ ታሪክ፣ መተዳደሪያ ደንባችንና የሠራነው ሥራ በኤችቲኤምኤል ተጽፎ በብዙ ስልክ ላይ ተቀምጧል። የየአባሉ የገንዘብ ሒሳብ በገጹ ላይ አልወጣም፤ ይህ የቤታችን ምስጢር ስለሆነ በጉባኤ ተነጋግረን የወሰንነው ነው።

ተረጂ ወይስ ቆጣቢ?

አሁን በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው ነገር እንመለስ።

በገጽ ላይ ፎቶ ስናስገባ ኦልት የሚባል ነገር አብሮ ይጻፋል። ፎቶው የማይታየው ሰው፣ ወይም ኔትወርኩ ደክሞ ፎቶው ያልወረደለት ሰው፣ በፎቶው ፈንታ የሚያነበው ቃል ነው። ፎቶው ምን እንደሆነ በቃል መናገር ማለት ነው። ለልምምድ አንድ የስብሰባ ፎቶ ወሰድን። ሴቶች በግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው በመካከላቸው የገንዘብ ሣጥን አለ። ከወጣቶቹ አንዷ በኦልቱ ቦታ «የአበርገሌ ተረጂ ሴቶች» ብላ ጻፈች። በክፋት አይደለም፤ ስለ አበርገሌ በተጻፉት ሪፖርቶች ሁሉ ያነበበችው ቃል ይኸው ስለሆነ ነው።

ከመሥራቾቻችን አንዷ እናት ከጎኗ ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ «ምን አልሽ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። አነበበችላቸው። «ሣጥኑ የማን ነው?» አሉ።

«የማኅበሩ» አለች።

«በውስጡ ያለውስ?»

«የእናንተ ነው፤ ያስቀመጣችሁት።»

«እንግዲያ የሆነውን ጻፊው» አሏት።

ልጅቷ አጥፍታ «የአበርገሌ ቆጣቢ ሴቶች በወርኃዊ ስብሰባቸው ላይ» ብላ ጻፈች። ይህ ቃል ዛሬም በገጻችን ላይ አለ።

እርዳታ አልተቀበልንም ማለታችን አይደለም። በክፉ ቀን ተቀብለናል፤ ለሰጡንም እናመሰግናለን። ይህን መጽሔት የምታነቡ ደጋፊዎቻችን ከእነርሱ አንዷ ወይም አንዱ ትሆናላችሁ። የምንለው እርዳታ የደረሰብን ነገር እንጂ እኛን የሚነግር ስም አይደለም ነው። የድሮው የፎንት ታግ ለጽሑፋችን መልክ ይሰጠው ነበር፤ ማንነቱን ግን አይናገርም፣ ስለዚህ ማንም ፈልጎ ሊያገኘው አልቻለም። ስለ እኛ የተጻፈው ብዙ ነገርም እንዲሁ ነበር። መልካችን ታይቶበታል፤ ፍየል ማርባታችን፣ ንብ ማነባችን፣ ቁጠባችን፣ እርስ በርስ ብድራችን ግን አይገኝበትም።

ፊደላችን ቁጥር እንዲያገኝ የደከሙ ሰዎች ያደረጉልን ይህን ነው። የራሳችንን ነገር በራሳችን ስም የምንጽፍበት ቦታ ሰጡን። ቦታው ከተገኘ መጻፉ የእኛ ፋንታ ነው።

በሚቀጥሉት ወራት ሁለተኛውን ዙር ትምህርት እንጀምራለን። ማንበብና መጻፍ የምትችል አባል ሁሉ መግባት ትችላለች፤ እንግሊዝኛ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ታጎቹን እንደ ድጓ ምልክት በቅርጻቸው ማወቅ ይበቃል። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንም ከወጣቶቹ ጎን እንዲቀመጡ እንለምናለን። የሆነውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።